ስለ ድረ ገጽ ክብደትና ስለ ቀጭኑ መንገድ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ በስሙ የባለሙያ ብቻ የሚመስል፣ በፍሬው ግን እያንዳንዳችንን የሚነካ ነው። ይኸውም በኮምፒዩተር ላይ እንዲታዩ ተብለው የተሠሩ ድረ ገጾች፣ በእጅ ስልክና በደካማ የኔትወርክ መሥመር ለሚገለገል ሰው እንዲስማሙ የሚደረጉበት ዘዴ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ከከተማ ርቃ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ የሚኖር፣ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት የፈተናውን ውጤት ለማየት ፈልጎ በኪሱ ባለችው ጥቂት ገንዘብ ካርድ ገዝቶ ሞላ እንበል። ኔትወርክ የሚገኘው ከጉብታው ላይ ነውና ወደዚያ ወጣ። የድረ ገጹን አድራሻ ጽፎ ነካው። በስልኩ መስተዋት ላይ ትንሿ ክብ ትዞር ጀመር። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ዞረች። በመጨረሻም የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ እኩሌታው፣ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፎቶግራፍም ሲሶው ብቅ እንዳለ የገዛው ዳታ አለቀ። ወጣቱ የፈለገው ጥቂት ቁጥሮችን ለማየት ነበር፤ የተላከለት ግን የሕንፃ ሥዕል ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሁላችንም «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እርግጥ ነው፣ ኔትወርኩ ድርሻ አለው። ነገር ግን መንገዱ ቀጭን መሆኑን እያወቀ በአንዲት አህያ ላይ የአሥር አህያ ጭነት የጫነ ነጋዴ፣ ጭነቱ ገደል በገባ ጊዜ መንገዱን ብቻ ሊወቅስ ይገባዋልን? የዛሬው ንግግራችን ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ጭነቱ ነው።

ድረ ገጽ ወደ ስልካችን እንዴት ይመጣል?

አንድ ድረ ገጽ ለዓይን አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ በእውነቱ የብዙ ዕቃዎች ጥቅል ነው። ጽሑፉ አንድ፣ እያንዳንዱ ሥዕል አንድ፣ የፊደሉ ቅርጽ አንድ፣ ቀለሙንና አሰላለፉን የሚወስነው ትእዛዝ አንድ፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድም ሌላ አንድ እየሆነ ለየብቻው ይመጣል። ስልካችን በመጀመሪያ ዋናውን ገጽ ያስመጣል፤ ካነበበውም በኋላ የሚጎድለውን እያየ የቀሩትን ይጠይቃል። ጥያቄው በሬዲዮ ሞገድ ተነሥቶ በአካባቢው ወዳለው የኔትወርክ ማማ ይሄዳል፤ ከማማውም በልዩ ልዩ መሥመር አልፎ ገጹ ከተቀመጠበት ሰርቨር ይደርሳል። ይህም ሰርቨር ብዙ ጊዜ በባሕር ማዶ ነው። መልሱም ያን ሁሉ መንገድ ተጕዞ ይመለሳል።

በዚህ ጉዞ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። ሰዎች ሁለቱንም በአንድ ቃል «ፍጥነት» ይሏቸዋል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው።

አንደኛው የመንገዱ ጥበት ነው። በተለምዶ ቱጂ በሚባለው በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ ጂፒአርኤስ በሚሉት አሠራር፣ በአንድ ሴኮንድ 40 ኪሎቢት ያህል ቢያልፍ ደኅና ነው ይባላል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ የአንድ ሜጋባይት ጭነት ለማለፍ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ሦስት ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ አሥር ደቂቃ ያስጠብቃል። 50 ኪሎባይት የሚመዝን ገጽ ግን በአሥር ሴኮንድ ይገባል። መንገዱ ያው ነው፤ የተለየው ጭነቱ ነው።

ሁለተኛው የመመላለሱ ርዝመት ነው። በደካማ መሥመር ላይ አንድ ደርሶ መልስ፣ የተላከው ነገር አንዲት ፊደል እንኳ ብትሆን፣ እስከ አንድ ሴኮንድ ሊፈጅ ይችላል። ስልኩ አንድን ሰርቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቅ ደግሞ ወዲያው ወደ ጉዳዩ አይገባም። በመጀመሪያ አድራሻውን ያፈላልጋል፤ ከዚያ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ከዚያም ምስጢር የሚጠበቅበትን ቍልፍ ይስማማል። እነዚህ ሁሉ ከቁም ነገሩ በፊት የሚደረጉ መመላለሶች ናቸው። አንድ ገጽ ሥዕሉን ከአንድ ሰርቨር፣ ፊደሉን ከሌላ፣ ማስታወቂያውን ከሦስተኛ የሚያስመጣ ከሆነ ይህ ሁሉ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ይደገማል። እንግዲህ መንገዱ ቢሰፋ እንኳ የመመላለሱ ብዛት ብቻውን ሰውን ያስጠብቃል ማለት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶች። በከተማ በፈጣን መሥመር ላይ የተቀመጠ ሰው ሃምሳውን ሎሚ የሚሸከምለት ብዙ አለው፤ ስለዚህ የገጹ ጌጥ ጌጥ ሆኖ ይታየዋል። በጉብታው ላይ ለቆመው ወጣት ግን ሃምሳውም በአንድ ትከሻ ላይ ያርፋል።

አማካዩ ባዘገመ ጊዜ

የገጽ ክብደት ምን ያህል የሰው ጉዳይ እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ እነሆ። ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር፣ ዩቲዩብ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓመት፣ በዚያ ይሠራ የነበረ ክሪስ ዛካርያስ የተባለ መሐንዲስ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች የሚታዩበት ገጽ 1.2 ሜጋባይት ያህል መድረሱን አይቶ ከ100 ኪሎባይት በታች ለማድረግ ቆርጦ ተነሣ። ጌጡን እየቀነሰ፣ ኮዱን እየለቀመ፣ የማያስፈልገውን እየጣለ በመጨረሻ 98 ኪሎባይት ብቻ የሚመዝንና በ14 ጥያቄ የሚያልቅ ገጽ ሠራ። ስለ ቅልጥፍናውም የሥራውን ስም «ላባ» ብለው ጠሩት። ለጥቂት ተመልካቾች ተከፍቶላቸው ለአንድ ሳምንት ያህል ከተሞከረ በኋላ መሐንዲሱ የልኬቱን መዝገብ ተመለከተ። ያየው ነገር ግን አስደነገጠው፤ ገጹ ከአሥር እጅ በላይ ቀልሎ ሳለ ሰዎች ገጹን ለመክፈት የሚወስድባቸው አማካይ ጊዜ ጨምሮ ተገኘ።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? መሐንዲሱ ተስፋ ሊቈርጥ ሲል ልኬቱ በየአገሩ ተከፋፍሎ ቀረበና ምስጢሩ ተገለጠ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በአፍሪካና በሳይቤሪያ ሩቅ ስፍራዎች የሚኖሩ፣ ከዚያ በፊት እጅግ ጥቂት ሆነው ይታዩ የነበሩ ሰዎች በብዛት መምጣት ጀምረው ነበር። ለእነርሱ አዲሱ ቀላል ገጽ ለመከፈት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስድባቸው ነበር። በዚሁ ስሌት የቀድሞው ከባድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጅባቸው ነበር ማለት ነው። ሃያ ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው የለምና ከበሩ ይመለሱ ነበር። ገጹ በቀለለ ጊዜ ግን ሁለት ደቂቃ ታግሠው ገቡ፤ በመግባታቸውም ከአማካዩ ጋር ተቈጠሩ፤ አማካዩም ረዘመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቀድሞ የነበረው አማካይ ያማረ የነበረው ገጹ ፈጣን ስለሆነ ሳይሆን፣ የተቸገሩት ሰዎች ከቍጥሩ ስለ ጐደሉ ነው። በሩን ያላለፈ ሰው በእንግዶች መዝገብ ላይ ስሙ አይጻፍም። እኛም በአገራችን ድረ ገጽ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ትምህርት ቤቶች ይህን ትምህርት ልንወስድ ይገባናል። አንድ ኃላፊ የጐብኚዎችን ቍጥር ተመልክቶ «የገጠሩ ሕዝብ ድረ ገጻችንን አይፈልገውም፤ የሚጎበኙን የከተማ ሰዎች ብቻ ናቸው» ቢል ምናልባት ፍላጎትን ሳይሆን የበሩን ክብደት እየለካ ይሆናል።

ቀድሞ እንዴት ይደረግ ነበር?

የእጅ ስልክን ከድረ ገጽ ጋር ለማስማማት የተደረገው ድካም አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓመት በጃፓን አገር ኤንቲቲ ዶኮሞ የተባለው የስልክ ኩባንያ አይሞድ የሚባል አገልግሎት ጀምሮ፣ ለትንሽ የስልክ መስተዋት የተዘጋጁ አጫጭር ገጾችን ለሕዝብ አቀረበ። በዚያው ዘመን በአውሮፓና በሌላውም ክፍል ዋፕ የሚባል ሥርዓት ነበረ። የሁለቱም ዘዴ ለስልክ ብቻ የሚሆን የተለየ ገጽ መሥራት ነበር። ዘዴው ለጊዜው ጠቀመ፤ ነገር ግን አንድ ቤት ሁለት በር ሲኖረው ባለቤቱ የሚጠርገው የፊተኛውን ብቻ ነውና የስልኩ ገጽ ብዙ ጊዜ ያረጀና ጐደሎ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ2007 ዓመት የአፕል ኩባንያ አይፎንን ሲያወጣ ስልኩ ሙሉውን የኮምፒዩተር ገጽ አሳንሶ የሚያሳይ ሆነ። ጽሑፉ ግን እንደ ጉንዳን መንገድ ስለሚደቅቅ፣ ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲዘረጋ የሚያዝ አንድ አጭር ትእዛዝ ከገጹ ራስጌ ላይ የሚጻፍበት ዘዴ አብሮ ተፈጠረ። በ2010 ዓመት ደግሞ ኢታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ፣ አንዱ ገጽ ራሱ እንደ መስተዋቱ ስፋት እየተዘረጋና እየተሰበሰበ እንዲታይ የሚያደርገውን አሠራር በጽሑፍ አስረድቶ ስም አወጣለት። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራበት ይኸው ነው።

ሆኖም አንድ ስሕተት ከዚህ ጋር ተያይዞ መጣ። ብዙዎች ገጹ በስልክ ላይ አምሮ ከታየ ለስልክ ተስማማ ብለው አመኑ። ቅርጹ ጠበበ እንጂ ክብደቱ አልቀነሰም። ሰፊውን ጋቢ አጣጥፎ ማሳነስ ይቻላል፤ ሲመዝኑት ግን ያው ጋቢ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ገጽን ማቅለል የሚቻልባቸው ዋና ዋና መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ቁም ነገሩን ማስቀደም ነው። ሰርቨር ለአዲስ እንግዳ መጀመሪያ የሚልከው ጭነት በተለምዶ ከ14 ኪሎባይት ያህል አይበልጥም፤ መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ ነው ጭነቱን እየጨመረ የሚሄደው። ስለዚህ ሰው የመጣበት ጉዳይ፣ ውጤትም ይሁን የመድኃኒት ማስታወቂያ ወይም የገበያ ዋጋ፣ በዚህ በመጀመሪያው ጭነት ውስጥ ቢገባ መሥመሩ በኋላ ቢቈረጥ እንኳ ባለጉዳዩ ባዶ እጁን አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ሥዕልን መመጠን ነው። በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ሦስት ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይመዝናል። አሁን የምታነቡት ይህ ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በግምት 30 ኪሎባይት ነው። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ የመቶ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ክብደት አለው። ሥዕሉ አስፈላጊ ከሆነ ለስልኩ ስፋት በሚበቃ መጠን ማሳነስ፣ እንደ ዌብፒ ባለ ቀላል ዓይነት መቀየር፣ ከገጹ ግርጌ ያለውንም አንባቢው እዚያ እስኪደርስ አለመላክ ይቻላል። አስፈላጊ ካልሆነ ግን መተው ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ፊደል የተለየ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓመት ነው። በድረ ገጾች ላይ በሚሠራበት አጻጻፍ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ይህን የሰማ ሰው አማርኛ ከባድ ነው ብሎ እንዳይሰጋ፤ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚይዝ ቃላቱ ያጥራሉ። በዚያም ላይ ሰርቨሩ ጽሑፉን ጨምቆ ሲልከው ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል። ሸክም የሚሆነው የፊደሉን ቅርጽ ከገጹ ጋር መላክ ነው። ላቲን 26 ፊደላትን በትልቅና በትንሽ ብቻ ሲይዝ፣ የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። የዛሬዎቹ ስልኮች ብዙዎቹ የግዕዝን ፊደል በውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ ለውበት ብቻ ሌላ ቅርጽ መላክ ቤቱ እንጀራ ላለው ሰው እንጀራ ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው።

ከዚህ የባሰ ግን አንድ ልማድ አለን። ማስታወቂያ በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ ይታተማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይለጠፋል። በጽሑፍ ቢላክ ሁለት ኪሎባይት የማይሞላው ደብዳቤ በሥዕልነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ይከብዳል። በዚያም ላይ ዓይነ ሥውር የሆነ ወገናችን በሚያነብለት መሣሪያ ሊሰማው አይችልም፤ ቃሉን የሚፈልግም ሰው ፈልጎ አያገኘውም። ማኅተሙ ክብር ስለሆነ መታየት አለበት የሚባል ከሆነ ጽሑፉን በገጹ ላይ ጽፎ የደብዳቤውን ሥዕል ለፈለገ ብቻ ከሥር ማስቀመጥ ይቻላል።

አራተኛ፣ ኮድን መቈጠብ ነው። ሥዕል ከደረሰ በኋላ ይታያል እንጂ ስልኩን እምብዛም አያደክመውም። ኮድ ግን ከደረሰ በኋላ መነበብና መሠራት አለበት። ዋጋው ርካሽ በሆነ ስልክ ላይ ይህ ሥራ ብዙ ሴኮንዶች ይፈጃል፤ ባትሪም ይበላል። ገጹ ያለ ኮድ ቁም ነገሩን ማሳየት እንዲችል አድርጎ መሥራት የጥንቁቅ ባለሙያ ምልክት ነው።

አምስተኛ፣ የመሥመር መቈረጥን አስቀድሞ ማሰብ ነው። አንድ ጊዜ የመጣ ዕቃ በስልኩ ጎተራ እንዲቀመጥና በማግሥቱ ደግሞ እንዳይጫን ማድረግ ይቻላል። በገጹ ላይ ቅጽ የሚሞላ ሰው ካለም የሞላው ነገር መሥመሩ ሲቈረጥ እንዳይጠፋ መጠበቅ ያሻል። ይህን የሚናገረው ሰው ራሱ ስሙን በማይጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ረዥም ቅጽ ሦስት ጊዜ ሞልቶ፣ ሦስት ጊዜም «ላክ» የሚለውን በነካ ቁጥር ጠፍቶበት በመጨረሻ በአውቶቡስ ተሳፍሮ በአካል ለመሄድ ተገድዷል። እርሱ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ነበረው፤ የሌለው ሰው ግን ብዙ ነው።

ስድስተኛ፣ የሰውን ጣት ማሰብ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የምንጠቁመው በቀጭን ቀስት ሲሆን በስልክ ላይ ግን በአውራ ጣት ነው። የሚነካው ቦታ ቢያንስ 9 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ካልኖረው ሰው ያላሰበውን ይነካል። በደካማ መሥመር ላይ ደግሞ የአንድ ስሕተት ዋጋ ሌላ ሁለት ደቂቃ መጠበቅና ሌላ ዳታ መክፈል ነው።

ይህ የድሀ አገር ጉዳይ ብቻ ነውን?

«ኔትወርኩ ነገ ይሻሻላል፤ ስለዚህ ለዛሬ ብለን አንድከም» የሚሉ አሉ። ኔትወርክ እየተሻሻለ መሄዱ እውነት ነው። ነገር ግን መንገዱ በሰፋ ቍጥር ጭነቱም አብሮ ሲከብድ በዓለም ላይ ታይቷል። ደግሞም መልካም መሥመር ባለበት አገር እንኳ መንገዱ የሚጠብበት ቀን አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመስከረም ወር 2017 ዓመት ኢርማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የአሜሪካን የፍሎሪዳ ግዛት በመታ ጊዜ፣ ሲኤንኤን እና ኤንፒአር የተባሉት ትልልቅ የዜና ድርጅቶች ሥዕል የሌለበትን፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነውን ገጻቸውን እንዲጠቀም ለሕዝቡ ነገሩ። ሰው ዜናን ከሁሉ ይበልጥ በፈለገበት ሰዓት ያገለገለው ያጌጠው ገጽ ሳይሆን ቀላሉ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ከእናንተ መካከል ድረ ገጽ የምታሠሩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ነጋዴዎች ብትኖሩ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። አዲሱን ገጽ ከባለሙያው ስትረከቡ በቢሮ ውስጥ በትልቁ ኮምፒዩተር ብቻ አትዩት። ከገበያ ርካሹን ስልክ ውሰዱ፤ ከከተማው ወጣ በሉ፤ ኔትወርኩ ሲደክም ገጹን ክፈቱና ሰዓታችሁን ይዛችሁ ቍጠሩ። የመጣችሁበትን ጉዳይ ከማግኘታችሁ በፊት ትዕግሥታችሁ ካለቀ ገጹ ገና አልተጠናቀቀምና ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን «ስንት ኪሎባይት ይመዝናል?» ብላችሁ ጠይቁ። እህል በሚዛን የሚገዛ ሕዝብ ድረ ገጽንም መዝኖ ቢረከብ ነውር አይሆንበትም።

ባለሙያ ያልሆናችሁ ተጠቃሚዎችም በስልካችሁ ብራውዘር ላይ ዳታ የሚቈጥበውን ምርጫ መክፈትና ሥዕል ሳይመጣ ጽሑፉ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ትችሉ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚህም ጋር ገጽ አልከፈት ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ደውሉ ወይም ጻፉ። ከላይ እንደተመለከትነው ከበር የተመለሰ ሰው በመዝገብ ላይ አይታይምና እናንተ ካልተናገራችሁ የሚናገርላችሁ ቍጥር የለም።

በጉብታው ላይ የተውነው ወጣት የሚፈልገው ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። እነዚያ ቁጥሮች ከአንድ ኪሎባይት አይበልጡም፤ እጅግ ደካማ በተባለውም መሥመር በጥቂት ሴኮንድ ይደርሱታል። የሕንፃውን ፎቶግራፍ ግን ቢወድ ወደ ከተማ በመጣ ጊዜ በዓይኑ ያየዋል።